እንደሚያዩት ነው

ጊዜው ኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። ገና 19 ዓመቴ ነበር። አራት ኪሎ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ቫይረስ ማጽዳት፣ ፎርማት ማድረግ፣ ዊንዶውስ መጫንና አለቃዬ ሻይ ሲያምረው ሻይ ማዘዝ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ወደ ሱቁ ገቡ። ኮታቸው አሮጌ ነው፤ ግን በደንብ ተተኩሷል። አለቃዬ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ያገለገለ ፔንቲየም 4 መራቸው።

ስክሪኑ ያምር ነበር። ከታች የሚያብለጨልጭ ጥቁር መስመር፣ በግራ ጥግ እንደ ብይ የከበበ የዊንዶውስ ምልክት፣ በቀኝ በኩል ቆጣሪው የሚዞር ሰዓት፣ ጠርዛቸው መስታወት የሚመስል መስኮቶች። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ ወደ አለቃዬ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ። ለምን ወደ እኔ እንደዞሩ አሁን ይገባኛል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው እውነቱን ከልጅ ፊት ማንበብ ለምዷል።

«ልጄ፣ ይኼ አዲሱ ዊንዶውስ ነው?»

«እንደሚያዩት ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ሦስት ቃል። ከሦስቱ አንዱም ውሸት አይደለም። ያዩት ነገር ቪስታን ይመስላል፣ እኔም «እንደሚያዩት» ነው ያልኩት። ማሽኑ ውስጥ የነበረው ግን እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። የቪስታን ልብስ ያለበሰው ሌላ ማንም ሳይሆን እኔ ነኝ፤ ያንኑ ዕለት ጠዋት፣ 40 ደቂቃ ፈጅቶብኝ። መምህሩ በማሽኑ ዋጋ ላይ «ለአዲሱ ዊንዶውስ» ተብሎ 300 ብር ጨምረው ከፈሉ። ሲፒዩውን ታክሲ ድረስ የተሸከምኩላቸውም እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ 18 ዓመት አለፈ። ብዙ ማሽን ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ብዙውን ረስቼዋለሁ። ይችን ሦስት ቃል ግን አልረሳኋትም። አሮጌን ነገር አዲስ ማስመሰል ውሸት ነው? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። እኔ ግን መልሱን ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ያገኘሁትም መልስ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ አይደለም።

*

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። አብዛኞቻችሁ ያኔ ገና ሕፃን ነበራችሁ፣ ወይም አልተወለዳችሁም።

ቪስታ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ለሕዝብ ወጣ። ዓለም ያወራው ስለ መልኩ ነበር። «ኤሮ» የተባለው ገጽታ መስኮቶቹን መስታወት ያስመስላቸዋል፤ ከጀርባ ያለው ነገር ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ይህን መስታወት በወጉ ለማሳየት ማይክሮሶፍት ራሱ 1 ጊጋባይት ራምና 128 ሜጋባይት የግራፊክስ ሜሞሪ ያለው ማሽን ይመክር ነበር። እኛ ሱቅ የሚመጣው ማሽን 256 ሜጋባይት ራም ካለው «ጎበዝ ነው» ይባልለታል። ስለዚህ ቪስታን መጫን አንችልም። ማስመሰል ግን እንችላለን።

ኤክስፒ የመስኮቶቹን ቀለምና ቅርጽ የሚያነበው ቲም ከሚባል ፋይል ነው። ችግሩ፣ ማይክሮሶፍት የፈረመበትን ቲም ብቻ ነው የሚቀበለው። ፊርማውን የሚያጣራው ዘበኛ «ዩኤክስቲም» የሚባል አንድ ፋይል ነው። ዓለም ላይ ያሉ ጎበዞች ይህን ፋይል ከፍተው ዘበኛውን አስተኙት፤ ከዚያ በኋላ ማንም የሠራው ቲም ይገባል። ምልክቶቹን አንድ በአንድ መቀየር፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚታየውን ስክሪን መቀየር፣ የይለፍ ቃል መጠየቂያውን መቀየር፣ «ስለዚህ ኮምፒውተር» የሚለው ገጽ ላይ ያለውን ሥዕል ሳይቀር መቀየር ይቻላል። ይህን ሁሉ ባንድ ጥቅል የሚያደርግ ፕሮግራም ነበር፣ ቪስታ ትራንስፎርሜሽን ፓክ የሚባል። «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጨርስ» ማለት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ኤክስፒ የዋና ዋና ፋይሎቹን ቅጂ በጓዳ ያስቀምጣል። አንዱ ፋይል ሲነካበት ዝም ብሎ ከጓዳው ያወጣና ይተካዋል፤ የራሱን መልክ ይመልሳል። ስለዚህ እነዚህ ፕሮግራሞች ፊቱን ከመንካታቸው በፊት ጓዳውን ነው የሚበረብሩት። ሊያስታውስበት የሚችለውን ነገር ቀድመው ይቀይሩበታል።

እንዲያም ሆኖ የማይደረስበት ቦታ ይቀራል። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ «ቨር» የምትለውን አጭር ትእዛዝ ብትጽፉ፣ ያ ሁሉ መስታወት ባለበት ማሽን ላይ 5.1.2600 የሚል ቁጥር ይመጣል። የኤክስፒ ቁጥር ነው። ቪስታ ቢሆን 6.0 ብሎ ይጀምር ነበር። ማሽኑ ሲጠይቁት አይዋሽም። ችግሩ፣ የት ብሎ እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

*

አሁን ጠበቃ ልሁን። ምክንያቱም ይህን ሥራ የምወደው ሥራ ነበር፣ ዛሬም እወደዋለሁ።

መጀመሪያ ያለበስኩት የራሳችንን የቤት ኮምፒውተር ነው። ጓደኞቼ ተሰብስበው አዩት። «አቦ ቀሽት ነው!» ተባለ። አንዳቸውም ቪስታ ነው ብለው አልተሸወዱም። ማሽኑን ያውቁታል፤ ጌም ሲከፈት እንደሚያቃስት፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ እንደሚጮኽ ያውቃሉ። ደስ ያላቸው ያ አሮጌ ማሽን ፏ ብሎ በማየታቸው ነው። ድሃ ማሽን ማማር የለበትም ያለው ማነው?

እኛ አገር ደግሞ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የጭቃ ግድግዳውን በመጽሔት ገጽ የሚለጥፍ ሰው ቤቴ ፎቅ ነው አላለም። ለእንቁጣጣሽ የሰልባጅ ሸሚዝ ተኩሶ የሚለብስ ልጅ ከሱቅ ገዛሁት ብሎ አልማለም። እንግዳ ሲመጣ ሶፋው ላይ የሚነጠፈው ዳንቴል ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ ይሸፍናል፤ እንግዳውም ያውቃል፣ ባለቤቱም እንግዳው እንደሚያውቅ ያውቃል። ይህ ማታለል አይደለም። «ያለኝ ይኼ ነው፤ ግን አክብሬሃለሁ» ማለት ነው።

ቅኔ ራሱ በዚህ ውል የቆመ ነው። ሰሙን የሚሰማ ሰው ከሥሩ ወርቅ መኖሩን ቀድሞ ያውቃል። የት እንዳለ ላይያውቅ ይችላል፤ መኖሩን ግን ያውቃል፣ ፈልግ ተብሎ ተጋብዟል። ሰሙ ውሸት የማይሆነው ለዚህ ነው። እኔና ጓደኞቼ እዚያ ስክሪን ፊት የተቀመጥነው እንደ ቅኔ ሰሚ ነው። ላዩን አየን፣ ውስጡን አወቅን፣ በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ሳቅን።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። አንድ የወርቅ ሠሪ ቤት ገብታችሁ የወርቅ ቅብ ሐብል ብታዩ፣ «ቅብ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ጌጥ ሸጠላችሁ። ያችን ቃል ዋጥ አድርጎ የሚሸጥላችሁ ሰው ግን ሰረቃችሁ። ሐብሉ ያው ሐብል ነው። ውበቱም ያው ነው። ልዩነቱ ሐብሉ ላይ የለም።

እኔ ያን ቀን ሱቅ ውስጥ የዋጥኳት ቃል ያች ናት።

*

መምህሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። አለቃዬ አልነበረም። በእጃቸው የተማሪ ደብተር ይዘዋል።

«ይቅርታ ልጄ፣ አንድ ነገር ሳላበላሽ አልቀረሁም» አሉኝ።

ለምን አዲሱን ዊንዶውስ እንደፈለጉ የነገሩኝ ያኔ ነው። ሴት ልጃቸው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው የምትኖረው። አዲስ ኮምፒውተር ስትገዛ ቪስታ ነበረው፤ ቪስታ ደግሞ የአማርኛ ፊደልና የአማርኛ መጻፊያ ከነሕይወቱ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ዊንዶውስ ነው። ፎንቱ «ኒያላ» ይባላል፣ በእኛ ደጋ አጋዘን ስም የተሰየመ ነው። ምንም ሳይጫንበት አማርኛ ያነባል፣ አማርኛ ይጽፋል። ልጅቷ ለአባቷ «እርስዎም አዲሱን ይግዙ፤ በአማርኛ እንጻጻፋለን» ብላ በስልክ ነገረቻቸው። እስከዚያ ድረስ የሚጻጻፉት አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፉ ነበር። «እንደ ስልክ እንጨት የደረቀ ነገር ነው፤ የልጄን ድምፅ አልሰማበትም» አሉኝ።

እንግዲህ አስቡት። እኔ የሸጥኩላቸው ቪስታ መስታወቱ አለው፣ ክቡ ምልክት አለው፣ ሰዓቱ አለው። ፊደሉ የለውም። ኤክስፒ ሲፈጠር የአማርኛ ፎንት አብሮት አልመጣም። ፎንት የሌለው ማሽን የአማርኛ ጽሑፍ ሲደርሰው በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ ባዶ ሣጥን ያስቀምጣል።

መምህሩ ደብተሩን ገለጡ። ልጃቸው የላከችውን ደብዳቤ ገልብጠውት መጥተዋል። ሣጥኖቹን። በማስመሪያ፣ እኩል እኩል አድርገው፣ መስመር በመስመር። ሦስት ሣጥን፣ ክፍት ቦታ፣ አምስት ሣጥን፣ ክፍት ቦታ፣ አራት ሣጥን። ገጹ እስኪያልቅ።

«የነካሁት ነገር ይኖራል። ገና ስላልለመድኩት ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ስለ ማስመሰል የተማርኩት ትልቁ ነገር እዚህ ነው ያለው። ሰው ሲታለል ገንዘቡን ያጣል እንላለን። አዎ፣ 300 ብር አጥተዋል። ከዚያ የባሰው ግን ጥፋቱን ወደ ራሳቸው መውሰዳቸው ነው። ማሽኑ አዲስ እንደሆነ አምነዋል፤ ማሽኑ አዲስ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ የሌላ የማንም ሊሆን አይችልም፣ የእሳቸው ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ቴክኖሎጂ አይገባቸውም፣ ፋራ ናቸው። እንዲህ ብለው ደምድመው ነው ማስመሪያና ደብተር ይዘው፣ ይቅርታ ሊጠይቁ የመጡት። እኔን ይቅርታ ሊጠይቁ! ልብሱ የኤክስፒን ዕድሜ ብቻ አልነበረም የሸፈነው። አንድ አዋቂ ሰው በራሱ ላይ ያለውን እምነት ሸረሸረው።

*

ቤታቸው ሄድኩ። ሁለት ክፍል ቤት ነው። ኮምፒውተሩ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጧል፤ ሁለቱም ላይ ዳንቴል ተደርጓል። ባለቤታቸው ዳንቴሉን ከስክሪኑ ላይ ቀስ ብለው አነሱት፣ እንደ ሙሽራ መሸፈኛ።

ሥራው 10 ደቂቃ ፈጀ። ፍላሽ ላይ ይዤው የመጣሁትን ነፃ የዩኒኮድ ፎንት ጫንኩ፣ የኢንተርኔት መክፈቻው ለኢትዮጵያ ፊደል ያንን ፎንት እንዲጠቀም ነገርኩት፣ አማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምም አስገባሁ። ከዚያ በስልክ መስመር ኢንተርኔቱን አገናኘን፤ መስመሩ ተንጫጫ፣ ቆየ፣ ገባ። ደብዳቤውን ከፈትኩት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሣጥኖች «አባዬ» ሆኑ።

የቀረውን አላነበብኩም። ዞር ብዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዓለም ካርታ ማየት ጀመርኩ።

ልብ በሉ፤ ቪስታን ለማስመሰል 40 ደቂቃ ፈጅቶብኛል። እኚህ ሰው በእውነት የፈለጉትን ነገር ለመስጠት 10 ደቂቃ በቃ። ያውም በዚያው በአሮጌው ኤክስፒ ላይ፣ ያለ ምንም ልብስ። ያን ቀን ሱቅ ውስጥ «ለምን ፈለጉት ጋሼ?» ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ ሁሉም ነገር ይሳካ ነበር። አልጠየቅኩም። ለአንድ ነገር መልክ ለመስጠት የተጣደፈ ሰው ነገሩ ለምን እንደተፈለገ አይጠይቅም።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ አንብበው ሲጨርሱ። ዓይናቸው ረጥቧል።

«ፊደል ጎድሎት ነው ጋሼ።»

ይኼም እውነት ነው፤ ፊደል ጎድሎት ነው። ለሁለተኛ ጊዜ፣ እውነት በሆነ ቃል ዋሸሁ። ያን ሰዓት «ይኼ ቪስታ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያስመሰልኩት» ማለት እችል ነበር። አለቃዬ ሥራ ያስለቅቀኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ የፊታቸውን ደስታ ማጥፋት አሳፈረኝ፤ ቢያንስ ለራሴ የነገርኩት ምክንያት እሱ ነው። የታክሲ ብለው 20 ብር ሲሰጡኝ አልቀበልም አልኩ። እምቢ ማለቴ ትሕትና መሰላቸው። እኔ ግን ኅሊናዬን በ20 ብር ልገዛው እየሞከርኩ ነበር።

በሩ ላይ ቆመው መረቁኝ። «እግዜር ያሳድግህ። እንዳበራህልኝ ያብራልህ።»

«አሜን» አልኩ።

*

ያን «አሜን» ለማቃለል ባለፉት ዓመታት ብዙ መከራከሪያ ሞክሬያለሁ። ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው፣ «አማርኛችን ራሱ በማስመሰል ነው የኖረው» የሚል ነው። እውነት አለው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የእንግሊዝኛ ፊደል ቁጥር ላይ የተለጠፉ ሥዕሎች ነበሩ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደሎቻችን በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ አንድ የያኔ ፎንት ግን ከ256 በላይ ቦታ አልነበረውም፣ ከዚያም ውስጥ ብዙው ለሌላ ተይዟል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ፊደሉን ከቁርጥራጭ ይገጣጥሙታል፣ ወይም በሁለት በሦስት ፎንት ይከፋፍሉታል። ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ይላል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው። ልብስ ነበር ማለት ነው። ያን ልብስ የሠሩ ሰዎች ደግሞ አታላዮች አይደሉም፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ የሠርግ ካርድ የታተመው በእነሱ ነው።

ግን ያ ልብስ መቼ ነበር የሚያሳፍረን? ጽሑፉን ፎንቱ ወደሌለበት ማሽን፣ ወደ ሌላ ሰው ስንልከው። እዚያ ሲደርስ ልብሱ ይወልቅና የተዘበራረቀ ምልክት ይቀራል። ከእኛ ጋር እያለ ያገለግላል፤ ሌላ ሰው ሲደገፍበት ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ፊደላችንን ሲቀበል እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። «ሀ» የትም አገር፣ ማንም ማሽን ላይ «ሀ» ሆነ። የመምህሩ ልጅ ዋሽንግተን ሆና የጻፈችው «አባዬ» ሣጥን ቢመስልም ውስጡ «አባዬ» ነበር። የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ማሽኔ ላዩ ያማረ፣ ውስጡ ባዶ ነበር፤ የእሷ ደብዳቤ ላዩ ባዶ ሣጥን፣ ውስጡ ሙሉ።

ሁለተኛው መከራከሪያ፣ «ትልልቆቹስ?» የሚል ነው። ቪስታ ከመውጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ብዙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ «ቪስታ መጫን ይችላል» የሚል ተለጣፊ ተደረገ። አንዳንዶቹ ማሽኖች ግን መጫን የሚችሉት ተራውን እትም ነበር፤ ያ ሁሉ የተወራለት መስታወት የሌለውን። ነገሩ በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዳኛዋ በጋራ ክስነት እንዳይቀጥል ወሰኑ። የሕጉን ነገር ለሕግ ሰዎች ልተወው። እኔን የሚገርመኝ የተለጣፊው አነጋገር ነው። ቃል በቃል ሲታይ እውነት ነው፤ ቪስታ ይጫናል። የእኔ «እንደሚያዩት ነው» የሥጋ ዘመድ አይመስልም? ይህን ሳነብ መጀመሪያ ቀለል አለኝ፣ «ብቻዬን አይደለሁም» አልኩ። ቆይቶ ግን አላጽናናኝም። ጥፋት በዝቶ ሲገኝ አያንስም።

ሦስተኛው፣ «ማንን ጎዳ?» የሚል ነው። ይኼ በጣም ይወደዳል። «ሠርቶላቸዋል አይደል? ደስ ብሏቸዋል አይደል?» መልሱ ከጊዜ ጋር ነው የሚመጣው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደኅንነት ማስተካከያ መላኩን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 አቆመ። የኤክስፒ ባለቤት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ያን ዜና ሲሰማ «የእኔ ነው» ብሎ ይነቃል። ቪስታ አለኝ ብሎ የሚያምን ሰው ግን ዜናው የጎረቤት ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራ ሲያስተጓጉሉ፣ ቫይረሱ የማንንም ስክሪን ውበት አልጠየቀም። የሚያየው ውስጡን ነው፤ ቀዳዳው ተደፍኗል ወይስ አልተደፈነም። አደጋ ሁልጊዜ እንደ «ቨር» ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር ያውቃል።

ሦስቱን መከራከሪያዎች ስጨምቃቸው የሚቀረኝ ይህ ነው። መልክ በራሱ ውሸትም እውነትም አይደለም። ጌጥ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ አክብሮትም ነው። ነገር ግን አንድ ሰው መልኩን አይቶ የሚደገፍበት ቀን፣ ገንዘቡን፣ ጊዜውን ወይም የልጁን ደብዳቤ የሚያሳርፍበት ቀን፣ መልክ ቃል ኪዳን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት መናገር ነው። የሸጥነው ሲዲ ኮፒ እንደነበር አልደብቅም፤ እሱ ራሱን የቻለ ኃጢአት ነው። ግን ኮፒ መሆኑን መምህሩም ያውቁ ነበር። ያላወቁት እኔ የማውቀውን ነው።

*

ዘንድሮ ታሪኩ ተመልሶ መጣ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ ገና የሚሠሩ ስንትና ስንት ላፕቶፖች «አትችሉም» ተባሉ። ሰዉስ ምን አደረገ? ያው እኛ ያደረግነውን። ምልክቶቹን ወደ መሐል ማምጣት፣ ጠርዙን ክብ ማድረግ፣ አዲሱን የግድግዳ ሥዕል መለጠፍ። የራሴንም አልብሼዋለሁ። ያምራል።

የእህቴ ልጅ አየችው። 17 ዓመቷ ነው።

«እንዴ፣ 11 አስገባህ?»

«ልብሱን ነው። ውስጡ 10 ነው።»

«የእኔንም እንደዚህ አድርግልኝ በናትህ። ቴሌግራም ላይ ልሸጠው ነው፤ 11 ከሆነ ጥሩ ያወጣል።»

«ግን 11 አይደለምኮ።»

«ታዲያ ማን ያውቃል? እንዳለ ፎቶ አንስቼ ነው የምለጥፈው። እንደሚታየው ነው።»

ደነገጥኩ። «እንደሚታየው ነው።» ማንም ሳያስተምራት፣ ከ18 ዓመት በኋላ፣ ያችኑ ቃል አገኘቻት። ይህ ዓረፍተ ነገር ለካ በእያንዳንዱ ሰው ጓዳ ተቀምጦ ቀኑን የሚጠብቅ ነው።

ልመክራት አሰብኩ። መካሪ መሆን ግን ቀላል አይደለም፣ በተለይ ያችን «አሜን» በሆዱ ለያዘ ሰው። ስለዚህ ምክሩን ትቼ ስለ መምህሩ ነገርኳት። ስለ ማስመሪያው፣ ስለ ሦስቱ ሣጥኖች። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ነገርካቸው ግን በኋላ?»

«አልነገርኳቸውም።»

«አሁን ብትነግራቸውስ?»

ቤታቸው የነበረበት ሰፈር ዛሬ የለም። መንገድ ሆኗል። በሕይወት መኖራቸውንም አላውቅም። ይህን ስነግራት ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋችው። «በቃ፣ አልብሰው። ግን እንዲታወቅ አድርገህ።»

ዊንዶውስ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ ከኤክስፒም ዘመን ጀምሮ ነበረች። ስታበሯት የሲስተሙን ስምና ቁጥር ዴስክቶፑ ላይ፣ በቀኝ በኩል ከታች ጥግ፣ በትንንሽ ፊደል ትጽፈዋለች። ያን ኅዳርም እዚያው ነበረች፤ ላበራት ብፈልግ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ ከላይ እስከ ታች አለበስኩት፣ ክብ ጠርዙን፣ መሐል የቆሙትን ምልክቶች፣ ሁሉንም። መጨረሻ ላይ ያችን ማብሪያ አበራኋት። ዊንዶውስ 10፣ ቁጥር 19045።

«ይቺ ጽሑፍ ግን ታስቀይመዋለች» አለች ጥጉን እያየች።

«ትንሽ።»

ፎቶ አነሳችው፤ ጥጉን ሳትቆርጥ። ከሥሩ የጻፈችውን ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት፦ «ዊንዶውስ 10 ነው፤ 11 የሚመስለው አጎቴ ስላስዋበው ነው።» የጠየቀችውን ዋጋ አላገኘችም፤ 2,000 ብር ቀንሳ ሸጠችው። የገዛው ልጅ ሊወስደው ሲመጣ ግን ከዋጋው በፊት የጠየቀን ሌላ ነገር ነበር።

«ይኼን ልብስ እንዴት ነው የሠራችሁት?»

ቁጭ ብለን አሳየነው።